ሁለት ዓመት ሳይሰደብ የኖረ ሰው

ራስማኔ ናና በላሲና ፓሬ አፍ ከተሰደበ ሁለት ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ቀርቶታል። ሌላ ሰው ቢሆን እሰይ ብሎ በኖረ፤ እሱን ግን ሰላም የነሳው ይሄው ነበር። በሌላ ሰው መሰደቡስ አልቀረበትም። በቡርኪና ፋሶ፣ በኩዱጉ ከተማ እየዞረ ውሃ ቆጣሪ የሚያነብ ሰው ጠዋት ከቤቱ የሚወጣው ጆሮውን አዘጋጅቶ ነው። ቆጣሪው ስለሮጠ ይሰደባል፣ ውሃው ስለጠፋ ይሰደባል፣ ውሻው ስለጮኸበት ይሰደባል። ይሄ ሁሉ ተደምሮ ግን የላሲናን አንዲት ቃል አያህልም።

ላሲና በብሔሩ ሳሞ ነው፤ ራስማኔ ሞሲ። ሞሲና ሳሞ ደግሞ ከቅድመ አያት ጀምሮ የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው። ሲገናኙ አንዱ ሌላውን “ሎሌዬ” ይለዋል፤ ያኛው “ጌታህ ማን እንደሆነ ጠፋህ እንዴ?” ብሎ ይመልሳል። ሞሲው ሳሞውን ውሻ በላ ይለዋል፣ ሳሞው ሞሲውን አህያ በላ ይለዋል፤ መቆጣት የለም፣ ማኩረፍ የለም። ለቅሶ ቤት ውስጥ እንኳ እንባቸውን ሳይጠርጉ ይሰዳደባሉ። እንግዲህ አስቡት፤ ሳሞ ሆኖ የገዛ ሞሲውን የማይሰድብ ካለ ወይ ታሟል ወይ ከልቡ ተቀይሟል። ላሲና ደግሞ እንደ በሬ ጤነኛ ነው።

ይሄ ጤነኛ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ራስማኔን ባየው ቁጥር ብድግ ብሎ፣ “ጤና ይስጥልኝ አቶ ራስማኔ። ቤተሰብዎ ደህና ናቸው?” ይለዋል። እርስዎ ይለዋል! ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ አንድ አቧራ ላይ አብሮት የተንከባለለውን፣ ማንጎ ሲሰርቅ ቅርንጫፍ የያዘለትን ሰው፣ እርስዎ።

ጥፋቱ የራስማኔ ነበር፤ ይህንን እሱም አይክድም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ገዝቶ፣ ማንም ሳያዘው፣ ማንም ሳይከፍለው፣ የኮምፒውተር ጨዋታ መሥራት ጀመረ። ስሙን “የሰባቱ ጉድጓዶች አገር” አለው። ተጫዋቹ መልእክተኛ ሆኖ የደረቀ አገር ያቋርጣል፤ ጂኒ ያደረባቸው ሰባት ነገሥታት የዘጓቸውን ሰባት የውሃ ጉድጓዶች ማስከፈት አለበት። ሰይፍ አለ፣ አስማት አለ፣ ጎጆ የሚያህል ጊንጥ አለ። ንጉሡ የመልእክተኛው የቀልድ ዘመድ ከሆነ ግን ሰይፍ አይመዘዝም፤ ያለው መሣሪያ ስድብ ብቻ ነው። ሰድቦ ያሳቀ ያሸንፋል፣ ጉድጓዱም ይከፈታል። ይህንን ሐሳብ ያመጣው ላሲና ነበር። ስድቦቹን ሊጽፍ፣ የሰዎቹን ፊት ሊሥል ቃል የገባውም እሱ ነው።

ላሲና በባቡር ጣቢያው መንገድ ዳር ታፔላ ይሥላል። የፀጉር ቤቱ፣ የጎሚስታው፣ የሥጋ ቤቱ ታፔላ ሁሉ የእሱ እጅ ነው። ለጨዋታው ሲሆን ግን ብሩሹን አስቀምጦ፣ ምሳ ሰዓቱን ሠውቶ፣ ነጥብ በነጥብ እየሞላ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ፊት ሠራ። ሽማግሌው ሌላ፣ ኩርፊያው ሌላ፣ ሳቁ ሌላ። አንዱም ከአንዱ አይመሳሰልም ነበር።

ራስማኔ ደግሞ እጁ አያርፍም። የሠራውን ሳያፈርስ ማደር አይችልም። አንደኛ ጊዜ፣ ጨዋታውን የሚሠራበትን ፕሮግራም ቀየረና ሁሉንም ከዜሮ ጀመረ፤ ላሲና “የአህያ ራስ!” ብሎ ሰድቦት እንደገና ሣለ። ሁለተኛ ጊዜ፣ ሰዎቹ ከጎን ሳይሆን ከፊት ይታዩ አለ፤ ላሲና ዘር ማንዘሩን ሰድቦ እንደገና ሣለ። ሦስተኛ ጊዜ፣ የዘንድሮ ስልኮች ስክሪናቸው ስለጠራ ብሎ፣ ሠላሳ ሁለት ነጥብ የነበረውን የፊት መጠን ወደ አርባ ስምንት አሳደገው። ነጥብ በነጥብ የተሠራ ሥዕል ሲለጠጥ ይበላሻልና ሦስት መቶ አሥራ ስምንቱም ፊት በአንድ ቀን ከንቱ ሆነ። ይህንንም ሄዶ ፊት ለፊት አልነገረውም። “ወዳጄ፣ እንደገና ልንሥል ነው፤ ግን ስታየው በጣም ያምራል” ብሎ በስልክ ጻፈለት። መልሱ በሁለት ደቂቃ መጣ።

“እሺ አቶ ራስማኔ። መልካም ቀን ይሁንልዎ።”

ያን ቀን ራስማኔ መልእክቱን ደጋግሞ አነበበው። የሆነ ቦታ “ውሻ ይብላህ” የሚል ተደብቆ እንደሆነ ፈለገ። አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ፊቶቹን ከኢንተርኔት በነፃ አወረደ፤ አፍንጫቸው የሾለ፣ ጆሯቸው የረዘመ፣ ፀጉራቸው ቢጫ። ሳሞ ይሆናል የተባለው ንጉሥ ሳይቀር ቢጫ ፀጉር አበቀለ። ስድቦቹንም ራሱ ሊጽፋቸው ቆርጦ ተነሳ። አንድ ጠዋት፣ ቁርስ ላይ ቶ የሚሉት የትናንቱ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ቀርቦ ሳለ፣ የጻፈውን ወረቀት ለሚስቱ ለቢባታ ሰጣት። ቢባታ የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ናት፤ በአንድ እጇ እየበላች በሌላው የልጆች ደብተር ታርማለች። ወረቀቱን ተቀብላ በቀዩ እስክሪብቶ እየተከተለች አነበበች።

“‘አንተ ሞሲ፣ ትዕግሥትህ ከአህያ ትዕግሥት ይበልጣል።’ ይሄ ስድብ ነው?”

“አህያ አለበት እኮ።”

“ራስህን እያመሰገንክ ነው። ይሄኛውስ? ‘ሞሲ ሆይ፣ ንጉሥህ ብዙ፣ ፈረስህ ብዙ፣ ምክርህም ብዙ።’ አንተ ሰውዬ፣ ይሄንን ለሠርግ አስቀምጠው።”

“ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?”

“እኔ ምን አውቄ፤ እኔም ሞሲ ነኝ።” ከላዩ ላይ ከመቶ ሠላሳ ጻፈችበት። “ያውም ለድካምህ ነው። ስማ፣ ሄደህ ይቅርታ ብትጠይቀው ምን ይልሃል?”

“ጠየቅኩት እኮ። ‘ኧረ ምንም ችግር የለም አቶ ራስማኔ’ አለኝ።”

“ውይ!” ቢባታ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። “እንዲህ ካለህማ በጣም ተጎድቷል።”

ራስማኔ ቁርሱን ሳይጨርስ ሞተሩን አስነስቶ ወጣ። ያን ቀን አንድ ቦታ መቆም አቃተው። የአንዱን ግቢ ቆጣሪ አንብቦ የሌላውን ግቢ ቁጥር ጻፈ፤ ተመልሶ ሰረዘ፤ ያላነበበውን አነበብኩ ብሎ አለፈ፤ አሁንም ተመለሰ። ምሳ ሰዓት ላይ ሞተሩ ራሱ ያመጣው ይመስል የላሲና ሱቅ በር ላይ ቆመ።

የቀልድ ዘመድ የዘመዱን ሳህን ቀምቶ መብላት መብቱ ነው። ራስማኔ ሳይጠራ ገብቶ፣ የላሲናን ሩዝ በአደንጓሬ ከፊቱ ሳብ አድርጎ፣ ትልቅ ጉርሻ ጎረሰ። “ሎሌ ጌታው ሳይጠግብ አይበላም!” አለ፤ ድምፁን እንደ ድሮው ለማድረግ እየሞከረ።

ላሲና ፈገግ አለ። ያቺ ለመንግሥት ሠራተኛ የምትሰጥ ፈገግታ።

“ይብሉ፣ ይብሉ። ቀዝቃዛ ውሃ ላምጣልዎ?”

ራስማኔ ሳህኑን መልሶ፣ አመስግኖ ወጣ። ቢደበድበው ይሻለው ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ የደረሰው የእማማ ዜርቦ ግቢ ነው። እማማ ዜርቦ ሰባ አምስት ዓመት ያለፋቸው ሳሞ ናቸው፤ በራፋቸው ላይ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የሚያልፈውን ሞሲ ሁሉ ይቀጣሉ።

“ማነው እሱ?”

“ቆጣሪ ነኝ፣ እማማ።”

“ምን ልትቆጥር? ሞሲ ከሦስት በላይ መቁጠር የተማረው ከመቼ ወዲህ ነው?”

“ሦስት ከቆጠርኩ ለሳሞ ይበቃል። ሁለት እጅና አንድ ድስት ነው ያላችሁ። ከድስቱ የወጣውን ጭራ አልቆጥርም።”

“እሱን ላንተ ነው ያስቀረሁት፤ ለሎሌ ሥጋው አይሰጥም። ና፣ ይሄን ሙቀጫ ወደ ጥላው አዙርልኝ።”

“ሥራ ላይ ነኝ እኮ፣ እማማ።”

“እናንተ ስሙልኝ! እመቤቱ ስታዘው ሥራ ላይ ነኝ ይላል!” ብለው ጮኹ። ጎረቤቶቹ በአጥሩ ላይ ብቅ ብቅ አሉ። ሰው ፊት በቀልድ ዘመዱ ታዞ እምቢ ያለ ሞሲ ዓመት ሙሉ መሳቂያ ይሆናል፤ ራስማኔ እንደ ድንጋይ የሚከብደውን ሙቀጫ ተሸክሞ አዞረ። ላቡን እየጠረገ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ።

“እማማ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ሞሲ የሚሰደብበትን ሰባት ስድብ ይንገሩኝ፤ ልጽፈው ነው።”

“ትጽፈዋለህ? ረስተህ እንዳትቀር?”

ስለ ጨዋታው ነገራቸው። ስለ ንጉሡ፣ ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ መልእክተኛው። እማማ ዜርቦ የሰሙት ግማሹ አልገባቸውም፤ ስድብ እንደጎደለ ግን በደንብ ገባቸው።

“ስድብ በኪሎ ይሸጣል ያለህ ማነው?” አሉ፤ አሁን ድምፃቸው የእናት ሆኖ። “እኔ አንተን የምሰድበው ፊትህን አይቼ ነው። አንተ ስትሄድ ስድቡም አብሮህ ይሄዳል። የራስህ ሳሞ የለህም? የሚያውቅህ?”

“ነበረኝ።”

“ሞተ?”

“አልሞተም። እርስዎ ይለኛል።”

አሮጊቷ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። “ምን አድርገኸው ነው?”

“ሥራውን ጣልኩበት። ሦስት ጊዜ።”

“ታዲያ እኔ ጋ ምን ትሠራለህ? ሂድ የጣልከውን አንሳ!”

ራስማኔ የእማማን ቆጣሪ ሳያነብ ነው የወጣው፤ ይህንን ያወቀው ከሳምንት በኋላ አለቃው ሲጠራው ነው።

የጣለው ነገር በአንድ አሮጌ ዲስክ ውስጥ፣ ከልብስ ሣጥኑ ሥር ነበር። ሰክቶ ከፈተው። ሦስት መቶ አሥራ ስምንቱም ፊቶች ሠላሳ ሁለት ነጥብ በሠላሳ ሁለት ነጥብ ሆነው፣ ደህና ነህ ወይ እንደሚሉ ሰዎች ትክ ብለው አዩት። ራስማኔ አንድ በአንድ ሲያያቸው አንገቱ ጋለ። ያኔ ያላያቸውን ነገሮች አየ። አንዷ ሴትዮ ጥርሷ ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ ጠቁራለች፤ በዚያች ነጥብ ምክንያት የምትዋሽ ትመስላለች። ሰው አንዲት ነጥብ ቦታዋን እስኪያገኝ ስንት ምሳ ሳይበላ ይውላል?

ወሰነ። የሁለት ዓመት የራሱን ሥራ ጥሎ ወደ አሮጌው ፋይል ይመለሳል። ሌላም ወሰነ፤ ይሄኛው የባሰ አመመው። ከሰባቱ ጉድጓዶች ስድስቱን ይቆርጣል። አንድ መንገድ፣ አንድ መንደር፣ አንድ ጉድጓድ፣ የሳሞው ንጉሥ፤ መጀመሪያ ያለው፣ መጨረሻ ያለው የአርባ ደቂቃ ጨዋታ። የአገሩን ስም እንኳ መቀየር ሊኖርበት ነው።

“ስድስቱንም?” አለች ቢባታ።

“ስድስቱንም።”

ግንባሩን በእጇ ጀርባ ነካችው፤ ትኩሳት አልነበረውም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት እየተነሳ፣ ሥራ እስኪገባ ድረስ ይሠራል። እጁ ግን እረፍት አልሰጠውም። ዝናብ ልጨምር? ፍየል ልጨምር? የንጉሡ ካባ ነፋስ ሲነካው ቢወዛወዝስ? ፍየሏን እንዲያውም ጨምሯት ነበር፤ ቢባታ ቆማ አስጠፋችው። እግሩ ከጠረጴዛው ሥር ይንቀጠቀጣል፤ ቆጣሪ እያነበበ ጣቶቹ ኪሱ ውስጥ ቁልፍ ይጫናሉ። ከሁሉ የሚያስፈራው አንድ ነገር ነበር። ይሄን ሁሉ አይቶ ላሲና አሁንም “በጣም ጥሩ ነው አቶ ራስማኔ” ቢለውስ? ያኔ የሚቀረው የለም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ላፕቶፑን ሞተሩ ላይ አስሮ ሄደ። ላሲና የኢሳካን ታፔላ እየጨረሰ ነበር፤ ፀጉሩ እንደ ሣጥን የተቆረጠ ወጣት ሥዕል። ኢሳካ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሱቁን ዘግቶ፣ ታፔላው እስኪደርቅ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ከጎኑ ሌሎች ሁለት ደንበኞች ነበሩ።

“ጤና ይስጥልኝ አቶ ራስማኔ። ይቀመጡ።”

“አልቀመጥም። አርባ ደቂቃ ብቻ ስጠኝ። ተጫወተው፤ ከዚያ ያሻህን በለኝ።”

ላሲና ትንሽ አመነታ። ከዚያ እጁን በነጭ ጋዝ ታጥቦ፣ በጨርቅ አድርቆ፣ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠ።

መጀመሪያ ያገኘችው ያቺ ጥርሰ ጥቁር ሴትዮ ናት። የላሲና ጣት ቁልፉ ላይ ቆመ። ወደ ራስማኔ ሳያይ ቀጠለ። ሽማግሌውን አገኘ፣ አኩራፊውን አገኘ። ፊቶቹ ሁሉ የራሱ ነበሩ። ራስማኔ ከኋላው ቆሞ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እግሩ ይደገፋል። አንድ ሰው ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ሲሄድ አየ፤ ደብተር አውጥቶ ጻፈ። የአንዱ በር ድምፅ ዘገየ፤ ጻፈ። አሥራ አራት ጉድለት ቆጠረ።

መልእክተኛው ጉድጓዱ ዘንድ ደረሰ። የሳሞው ንጉሥ፣ አገጩ ሰፊ፣ ዓይኑ ተንኮለኛ፣ ከዙፋኑ ተነሳ። አሁን የስድቡ ውጊያ ሊጀመር ነው። ንጉሡ አፉን ከፈተ፣ ጽሑፉም ከታች ወጣ፦

“እዚህ ላይ የላሲና ስድብ ይገባል።”

ራስማኔ ክው አለ። ጨዋታ የሚሠራ ሰው አንድ ነገር ካልደረሰለት ቦታውን እንዲይዝለት እንዲህ ያለ ማስታወሻ ይጽፋል፤ ይህችን የጻፋት ከሰባት ዓመት በፊት ነው። ከመቶ ሠላሳ ያገኙት ስድቦች ተክተዋት ነበር፤ ወደ አሮጌው ፋይል ሲመለስ አሮጌዋ ማስታወሻም አብራ ተመለሰች። ሲፈትሽ ደግሞ ጊዜ እንዳይፈጅበት ብሎ ንጉሡን በአንድ ቁልፍ እየዘለለ ነበር ሦስት ሳምንት የኖረው። ላፕቶፑን ሊዘጋ እጁን ሰደደ። ላሲና በክርኑ ገፋው።

ቀጣዩን ተጫነ። “እዚህ ላይ የላሲና ስድብ ይገባል፣ ሁለት። ስለ ፈረሶቻችን ይሁን።” ተጫነ። “ሦስት። ይሄኛው ጠንከር ይበል።” ተጫነ። አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ሰባተኛው ላይ እንዲህ ይላል፦ “ሰባት። ይሄንን እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ጠብቀው።”

“ላሲና ማነው?” አለ ኢሳካ ከኋላ አንገቱን አስግጎ። “አንተ ነህ እንዴ?”

ላሲና አቀረቀረ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ራስማኔ የሚያለቅስ መሰለው። ከዚያ አንድ የታፈነ ድምፅ ወጣ፤ ያ ድምፅ ሳቅ ሆነ፤ ሳቁ መንገዱን ተሻግሮ ሰው ዞር ዞር አለ።

“አንተ!” አለ ላሲና። “አንተ የአህያ ራስ!”

ራስማኔ አግዳሚው ላይ ዘፍ አለ።

“ዘጠኝ ዓመት! ዛሬ የተፀነሰ ልጅ በዘጠኝ ዓመት ሦስተኛ ክፍል ገብቶ ይሰድብሃል፤ አንተ ግን አሁንም ምጥ ላይ ነህ! እናንተ ሰዎች፣ ይሄን ሞሲ ተመልከቱት፤ ውሃ ቆጣሪ ያነባል፣ የራሱን ጽሑፍ ግን ማንበብ አይችልም! ንጉሥ ፊት መልእክተኛ ልኮ መልእክቱን ቤት የረሳ ሞሲ!”

ደንበኞቹ ተንከተከቱ። ራስማኔም ሳቀ። ደረቱ ላይ የተቀመጠ ነገር ሲነሳለት ተሰማው፤ የሁለት ዓመት ዕዳ በደቂቃ ሲከፈል እንደዚያ ነው። ወግ ነውና መመለስ ነበረበት። “ውሻ በላ” አለ፤ ድምፁ ግን ሰለለ።

“ዝም በል፣ ገና አልጨረስኩም።” ላሲና ዓይኑን ጠረገ። አሁንም እየሳቀ ነበር፤ ቃሉ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። “ለምን እንደማትጨርስ ልንገርህ? እኔ አውቃለሁ። ከጨረስከው ሰው ያየዋል። ካየው ደግሞ ልክህን ያውቃል። ስለዚህ ታፈርሳለህ፤ እያፈረስክ እየሠራሁ ነው ትላለህ። የኔን ሥራ ሦስት ጊዜ የቀበርከው ስክሪን ስለጠራ አይደለም፤ ፈሪ ስለሆንክ ነው። ፈሪ! ያውም የሳሞ ሎሌ ሆነህ!”

ሰዎቹ አሁንም ሳቁ። ለእነሱ ቀልድ ነበር። ራስማኔ ግን ቃሉ አጥንቱ ድረስ ገባ፤ ጆሮው ጮኸ። ይሄንን ሌላ ሰው ቢለው ተነስቶ በሄደ፣ ወይ አንገት ለአንገት በተያያዘ ነበር። በቀልድ ዘመድ ላይ ግን መቆጣት የለም። ተቀምጦ መስማት ብቻ ነው ያለው። ሰማ። እውነት ነበር።

“ፈሪ ነኝ” አለ ቀስ ብሎ።

“አውቃለሁ እኮ። ተነስና ፋይሉን ክፈትልኝ።”

ሰባቱን ስድቦች እዚያው ጻፋቸው። ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም፤ ኢሳካ እየጨመረለት፣ ራሱ እየሳቀ፣ አንዳንዱን ጽፎ “ይሄ ይበዛል” ብሎ እየሰረዘ፣ ሰባተኛውን ግን ማንንም ሳያሳይ። ሲጨርስ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

“አለቀ” አለ።

“አለቀ ማለት… ዛሬ ማታ አሥራ አራት ነገር ላስተካክል” አለ ራስማኔ ደብተሩን እየገለጠ። “አንዱ ሰውዬ ግድግዳ ውስጥ ይገባል፣ የበሩም ድምፅ…”

ላሲና ደብተሩን ቀማው። “ጌታህ ማነው?”

“ላሲና፣ አሥራ አራት ብቻ…”

“እናንተ ምስክር ሁኑ! ጌታህ ማነው?”

ሦስቱም ሰዎች ራስማኔን አዩት። ኢሳካ አፉን ይዞ ይስቃል። ሰው ፊት ነው፤ እምቢ ማለት የለም።

“አንተ ነህ።”

“አዝዤሃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ነጥብ አትነካም። ግድግዳ ውስጥ የሚገባው ሰውዬ ይግባ፤ ሞሲ ነው፣ በሩ የት እንዳለ ጠፍቶት ነው። አለቀ በል።”

ራስማኔ የተቀማውን ደብተር አየ። ዘጠኝ ዓመት ሚስቱ ለምናው፣ ራሱ ራሱን ለምኖ ያልወጣችው ቃል ናት።

“አለቀ” አለ።

“እስቲ እኔም ልየው” አለ ኢሳካ፤ መልስ ሳይጠብቅ ላፕቶፑን ወሰደ።

ላሲና ወደ ብሩሹ ተመለሰ። ራስማኔ አርባ ደቂቃ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ ያውም አንድም ጊዜ ሳይነሳ። ኢሳካ ከሴትዮዋ ጋር ተከራከረ፤ ሽማግሌውን አታለለ፤ ሰውዬው ግድግዳ ውስጥ ሲገባ “ኧረ ይሄ ሞሲ!” ብሎ ጮኸ። ንጉሡ ዘንድ ሲደርስ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ሰባተኛው ስድብ ላይ ሳቁን አቁሞ ወደ ራስማኔ አየ። መልእክተኛው ስድቡን መለሰ፣ ንጉሡ ሳቀ፣ ጉድጓዱ ተከፈተ፣ ውሃው ወጣ። ስክሪኑ ጨለመ።

“አለቀ እንዴ?” አለ ኢሳካ። “ይሄ ብቻ ነው?”

የራስማኔ አፍ ተከፈተ። ስለ ስድስቱ ጉድጓዶች ሊነግረው ነበር፤ ስለ ጊንጡ፣ ስለ ወንዙ፣ የዛሬ ዓመት ስለሚሆነው ሁሉ። የላሲና ብሩሽ ታፔላው ላይ ቆሟል። ራስማኔ አፉ ውስጥ የነበረውን ሁሉ ዋጠው።

“አዎ” አለ። “ይሄ ብቻ ነው።”

አመመው፤ እንደፈራው ያህል ግን አልነበረም። ላሲና ብሩሹን ጣሳው ውስጥ ከተተ።

“ታፔላህ ደርቋል፣ ኢሳካ። ተሸክመህ ሂድ።”

“ቆይ እስቲ” አለ ኢሳካ፤ ላፕቶፑን ወደ ጉልበቱ ሳብ አድርጎ ከመጀመሪያው ጀመረ።